አዲሱን ወታደር በስሙና በጠባዩ ማወቅ



በዚህ አዳራሽ ልጁን፣ የእህቱን ልጅ ወይም የጎረቤቱን ልጅ ለአሜሪካ ጦር የሰጠ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልጁ ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል፤ የምረቃው ቀን እልል ተብሏል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ኑሮ ግን አብዛኞቻችን አናውቀውም። ልጁ ሲደውል «ደህና ነኝ» ይላል፤ እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ስልኩን እንዘጋለን። ዛሬ የምናገረው ከዚያ «ደህና ነኝ» ጀርባ ስላለው ኑሮና ያንን ኑሮ ሊያቀናም ሊያጎብጥም ስለሚችል አንድ ሰው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ምድር ጦር ከመኮንኖች በታች ዘጠኝ የማዕረግ እርከኖች አሉት። የታችኞቹ አራቱ ጀማሪዎቹ ናቸው። አምስተኛው ላይ ሳጅን ይመጣል፤ በእኛ ጦር አጠራር ሃምሳ አለቃ ብንለው ይቀርባል። ይህ ሃምሳ አለቃ ብዙውን ጊዜ ራሱ በሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። ለጀማሪው ግን ጦሩ ማለት እርሱ ነው። በማለዳ የሚያሰልፈው፣ የመሣሪያ አያያዝ የሚያሳየው፣ ደመወዙ ሲጎድል ወደየትኛው ቢሮ እንደሚሄድ የሚነግረው፣ ፊቱ ሲጠቁር ቀድሞ ሊያስተውል የሚችለው እርሱ ነው። የአንድ ወጣት ወታደር ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ይህ የቅርብ አለቃው ባወቀው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውን ማወቅ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜውን የሚሰጠውም የሚነሳውም ከላይ ያለው አመራር ነው።

ይህ ዛሬ የተገኘ እውቀት አይደለም። በፌብሩዋሪ 1778 ፍሪድሪክ ፎን ሽቶይበን የተባለ የፕሩሲያ መኮንን በፔንሲልቬኒያ ቫሊ ፎርጅ ደረሰ። የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር እዚያ ሰፍሮ በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ እየተመናመነ ነበር። ሽቶይበን እንግሊዝኛ አይችልም፤ ትእዛዙን በፈረንሳይኛ ይጽፋል፣ ረዳቶቹ ይተረጉሙለታል። መቶ ያህል ወታደሮች መርጦ፣ ጠመንጃውን በገዛ እጁ ይዞ ያሠለጥናቸው ጀመር። በጊዜው መኮንን ተራ ወታደር ሲያሠለጥን መታየት ውርደት ነበርና ብዙዎች ተገረሙ። ኋላ ለአውሮፓ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ በእናንተ ዘንድ ወታደሩን «አድርግ» ብትሉት ያደርጋል፣ እዚህ ግን ለምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሜ ማስረዳት አለብኝ የሚል ሐሳብ አስፍሯል። በ1779 የታተመው መመሪያው ደግሞ የሻምበል አዛዥ እያንዳንዱን ወታደር በስሙና በጠባዩ እንዲያውቅ፣ የታመመውንም እየሄደ እንዲጠይቅ ያዝዛል።

በስሙና በጠባዩ ያለውን ልብ በሉልኝ፤ በተለይ ለእኛ ልጆች ትልቅ ነገር ነው። የአሜሪካ ጦር ወታደሩን የሚጠራው ደረቱ ላይ በተሰፋው የመጨረሻ ስም ነው። የእኛ ልጅ ሲሆን ያ ስም የአባቱ ወይም የአያቱ ነው። ልጁ ከማለዳ እስከ ማታ በአያቱ ስም፣ ያውም በተጣመመ አነባበብ፣ ሲጠራ ይውላል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ለወራት የማይሰማበት ጊዜ አለ። ጎበዝ ሃምሳ አለቃ በመጀመሪያው ሳምንት «ቤት ውስጥ ማን ብለው ነው የሚጠሩህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ ግን ለማን ችግሩን መንገር እንደሚችል ከዚያች ደቂቃ ያውቃል።

እዚህ ላይ ብሔራዊ ውትድርናን የምታስታውሱ ወላጆች ልዩነቱን ብታስተውሉ እወዳለሁ። አሜሪካ ወጣቶችን በግዳጅ መመልመል ያቆመችው በ1973 ነው። ከዚያ ወዲህ የሚገባው ሁሉ ፈርሞ የገባ ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ደግሞ መሄድ ይችላል። በዚያው ዓመት በጆርጂያ ፎርት ቤኒንግ የተጻፈው የበታች ሹማምንት ቃል ኪዳን ሁለት ኃላፊነቶችን ጎን ለጎን አቆመ፤ ግዳጅን መፈጸምና የወታደሩን ደኅንነት መጠበቅ። ሁለቱ ይጋጫሉ የሚሉ አለቆች አሉ። እኔ አልስማማም። አለቃው እንደሚያውቀው የሚያምን ወታደር ባልገባው ነገር ይጠይቃል፣ የተበላሸውን አይደብቅም፣ መኪናው ፍሬን እንደሌለው ከመነሻው በፊት ይናገራል። ይህ ሁሉ የግዳጅ ጉዳይ ነው።

ወጣትን ኮትኩቶ ማሳደግ በተግባር ምን ይመስላል? ሥራው የሚጀምረው ልጁ ወደ ክፍሉ ከመድረሱ በፊት ነው። ጦሩ አዲስ መጪን የሚቀበል አንድ ወታደር አስቀድሞ እንዲመደብ የሚያዝ ሥርዓት አለው። ተመዳቢው ይደውልለታል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ይቀበለዋል፣ አልጋውንና ምግብ ቤቱን ያሳየዋል፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜና እሁድ ብቻውን እንዳያሳልፍ ያደርጋል። ይህ ሥርዓት በደንብ ሲሠራ አይታይም፤ ሲጓደል ግን አንድ የ18 ዓመት ልጅ ዓርብ ማታ ሻንጣውን ይዞ ማንንም በማያውቅበት ሕንጻ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ብዙ ክፉ ነገር የሚጀመረው ከእንዲህ ያለው ቅዳሜና እሁድ ነው።

ቀጥሎ ንግግሩ ይመጣል። አለቃው አዲሱን ወታደር አስቀምጦ ከእርሱ የሚጠበቀውን እንዲነግረው፣ ዓላማውን እንዲጠይቀው፣ የተስማሙበትን ቁጥር 4856 በተባለ ቅጽ እንዲያሰፍር ይጠበቅበታል። ቅጹ ጥሩ ነው። ችግሩ በብዙ ክፍሎች የሚሞላው ጥፋት ሲገኝ ብቻ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ወጣቱ «ና ቢሮ፣ ልንነጋገር ነው» ሲባል ሆዱ ይገለበጣል። ከጥፋት ውጭ ተጠርቶ የማያውቅ ወታደር አለቃውን የሚያውቀው በቁጣው ብቻ ነው። እውነተኛው ንግግር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አይደረግም። ሁለቱ አጎንብሰው ጎማ ሲፈቱ ወይም ሌሊት አብረው ዘብ ቆመው ሳለ ነው ልጁ «እናቴ ታማለች» የሚለው።

ሌላው ለወጣቱ የሚሠራው ነገር መስጠት ነው። ደም ማቆሚያ ማሰሪያን አጠቃቀም ለጓዶቹ እንዲያስተምር ለአንድ ጀማሪ ወታደር አደራ ስጡት፤ ሌሊቱን ሲያጠና ያድራል። ሲያስተምር ቢሳሳት አለቃው ለብቻው ያርመዋል፤ ቢሳካለት በሁሉ ፊት ያመሰግነዋል። መጥረጊያ ብቻ የተሰጠው ወጣት ግን ስለ ራሱ የሚማረው ከመጥረጊያ በላይ እንደማይታመን ነው።

ገንዘብን መዝለል አልችልም። በ2025 ለታችኞቹ አራት እርከኖች 14.5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተደርጎ፣ ከኤፕሪል ጀምሮ የመጨረሻው ዝቅተኛ ማዕረግ የወር መነሻ ደመወዝ 2,300 ዶላር ገደማ ሆነ። ልጁ በሕይወቱ ይህን ያህል ገንዘብ በእጁ ይዞ አያውቅ ይሆናል፤ ከጦር ሰፈሩ በር ወጣ ሲል ደግሞ በውድ ወለድ መኪና የሚሸጡ ነጋዴዎች ይጠብቁታል። ኮንግረስ በ2006 ለወታደሮች የሚሰጥ የብዙ ዓይነት ብድር ወለድ በዓመት ከ36 በመቶ እንዳይበልጥ የደነገገው ችግሩን አይቶ ነው። በ2018 የተጀመረው የጡረታ ሥርዓት ደግሞ ወታደሩ ከደመወዙ 5 በመቶ ቢቆጥብ፣ ሁለት ዓመት ካገለገለ በኋላ መንግሥት ሌላ 5 በመቶ ያህል እንዲጨምርለት ያደርጋል። ይህን ለ19 ዓመት ልጅ በወረቀት ብትልኩለት አያነበውም። አለቃው አጠገቡ ተቀምጦ «እኔ በአንተ ዕድሜ ይህን አላደረግኩም፣ አንተ አድርግ» ቢለው ግን ይሰማል። የእኛ ልጅ ሲሆን ሌላም አለ፤ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላለው ቤተሰብ በየወሩ ይልካል። ስንት እንደሚልክ ለማንም አይናገርም። አለቃው ካልጠየቀ፣ ልጁ ለምን ሁልጊዜ ባዶ ኪስ እንደሆነ አያውቅም፤ በገንዘቡ የሚቀልድ ይመስለዋል።

በሃምሳ አለቃውም ላይ ፍርድ ማጣመም የለብንም። ይህ ወጣት ትናንት አብሯቸው ይበላና ይጫወት የነበሩትን ጓደኞቹን ከማዕረጉ ማግስት ጀምሮ እንዲመራ የታዘዘ ነው። የተሰጠው የመሪነት ትምህርት ወር አይሞላም። ከዚህ ሁሉ በላይ ጊዜ የለውም። በ2002 የምድር ጦር ጦርነት ኮሌጅ ተመራማሪ የሆኑት ሌነርድ ዎንግ የሻምበል አዛዦችን ሥራ መርምረው አንድ አስደንጋጭ ስሌት አሳትመው ነበር። በዓመት ለሥልጠና የሚገኙት ቀናት 256 ሲሆኑ፣ ከላይ በትእዛዝ የወረዱት ሥልጠናዎች ብቻ 297 ቀናት ይፈልጉ ነበር። በ2015 ዎንግና ስቲቨን ጌራስ በጋራ ባወጡት ሌላ ጥናት የዚህን ውጤት አሳዩ፤ የማይቻለውን የታዘዙ መኮንኖች ያልሠሩትን «ተሠርቷል» ብለው ሪፖርት ማድረግን ለመዱ።

ጥናቶቹ በዋናነት ስለ መኮንኖች ናቸው። ግን አስቡት፤ ሻምበሉ ጊዜ ካጣ ሃምሳ አለቃው ከየት ያመጣል? መጀመሪያ የሚሰረዘው ማንም የማይቆጥረው ሥራ ነው። የመኪና ጥገና ይቆጠራል፤ የተኩስ ውጤት ይቆጠራል። ከአንድ ልጅ ጋር አርባ ደቂቃ ተቀምጦ ማውራት ግን በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ይሰረዛል፣ ቅጹም በአንድ ከሰዓት በኋላ ለሁሉም በአንድ ቃል ተገልብጦ ይሞላል። ለዚህ ተጠያቂው ሃምሳ አለቃው ብቻ ነው የሚለኝን ሰው አልቀበለውም።

ጀማሪው ሲረሳ ኑሮው ምን እንደሚመስል የሚያሳይ፣ ከዚህ ከዋሽንግተን ብዙ የማይርቅ አንድ የባሕር ኃይል ምሳሌ ልጥቀስ። ጆርጅ ዋሽንግተን የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በ2017 ለትልቅ እድሳት ቨርጂኒያ ኒውፖርት ኒውስ ገባች። አራት ዓመት ይፈጃል የተባለው ሥራ ወደ ስድስት ዓመት ተጠጋ። በኤፕሪል 2022፣ ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከመርከቧ ሦስት ባሕረኞች የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ። የባሕር ኃይሉ ምርመራ ሦስቱ ሞቶች እርስ በርስ የተያያዙ አልነበሩም ብሏል፤ እኔም የሦስት ሰዎችን ኀዘን ወደ አንድ ምክንያት መጨፍለቅ አልፈልግም። ነገር ግን በዚያች መርከብ ላይ የነበረው ኑሮ በይፋ ተመርምሯል። ሌላ ቤት የሌላቸው ታናናሾቹ ባሕረኞች በመዶሻና በብየዳ ጩኸት መካከል እዚያው ይተኙ ነበር፤ መብራትና ሙቅ ውኃ የሚቋረጥበት ጊዜ ነበር። ብዙዎቹ ባሕር ላይ ሄደው አያውቁም። ለሙያ ቢቀጠሩም የሚሠሩት ማጽዳት፣ ቀለም መቀባትና እሳት እንዳይነሳ ዘብ መቆም ሆነ። መርከብ ለመንዳት ሕልም ይዞ የመጣ ልጅ ለዓመታት በቆመ ብረት ውስጥ ተቀመጠ።

የባሕር ኃይሉ ከፍተኛ የበታች ሹም በዚያው ወር መርከቧን ጎብኝተው ባሕረኞቹን ሲያነጋግሩ፣ ቢያንስ እንደ ማሪን ወታደር ጉድጓድ ውስጥ አትተኙም የሚል ሐሳብ ተናግረው ብዙ ተወቀሱ። የወቀሳው ምክንያት ይገባኛል። ልጁ የጠየቀው ቅንጦት አልነበረም፤ ለምን እዚህ እንዳለ የሚያስረዳውና ድካሙን የሚያይለት ሰው ነበር። ሽቶይበን በ1778 «ለምን» የሚለውን ማስረዳት ግዴታዬ ነው ሲል የተረዳው ይህንኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ባሕረኞች ከመርከቧ ወጥተው ሌላ ማደሪያ ተሰጣቸው። በጎ ነው፤ ግን ዘገየ።

እስካሁን ሁሉን ነገር በቅርብ አለቃው ላይ አንጠልጥያለሁ። ታዲያ የቅርብ አለቃው ራሱ በዳይ ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ በአሜሪካ ሁሉ ፊት ያቆመችው ቫኔሳ ጊዬን ናት። የ20 ዓመቷ ወታደር በኤፕሪል 22 ቀን 2020 በቴክሳስ ፎርት ሁድ ጠፋች። መታወቂያዋ፣ የገንዘብ ቦርሳዋና ቁልፎቿ በሥራ ቦታዋ ቀርተው ሳለ በመዝገብ «ያለ ፈቃድ የቀረች» ተባለች። የገደላት በዚያው ሰፈር የነበረ ሌላ ወታደር ነበር፤ አስከሬኗ የተገኘው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው። የጦሩ ምርመራ በኋላ እንዳረጋገጠው፣ ከገዳዩ ሌላ የሆነ አንድ የበላይዋ በወሲባዊ ቃል አስቸግሯት ነበር፤ ጉዳዩም ለአለቆቿ ሁለት ጊዜ ተነግሮ ተገቢ እርምጃ አልተወሰደም። በዲሴምበር 2020 የገለልተኛው አጣሪ ኮሚቴ ሪፖርት ሲወጣ 14 መሪዎች ከሥራቸው ተነሱ ወይም ታገዱ።

በዚያው ወር አንድ ደንብ ተለወጠ። ከእንግዲህ ወታደር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚመዘገበው «የቀረበት ምክንያት ያልታወቀ» ተብሎ ነው። አዛዡ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈልገዋል፤ በፈቃዱ መቅረቱን የሚያሳይ ማስረጃ ሳይኖር ከዳ አይባልም። ትንሽ የወረቀት ለውጥ ይመስላል። ግን አስቡት፤ አለቃው የጠፋችውን ልጅ ጠባይ ቢያውቅ፣ ሰዓት አክባሪ መሆኗን፣ በየቀኑ ለእናቷ እንደምትደውል ቢያውቅ፣ ይህ ደንብ ሳይወጣም ወዲያው «እርሷ እንዲህ አታደርግም» ይላል። እኛ የጠፋን ጓድ ሳይፈልጉ አለመተውን ከራሳችን ታሪክ እናውቀዋለን። በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተውና ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፈው የቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ሰዎች ሞተውበታል፤ አንድም የተማረከ ግን የለውም። የወደቀውን ጓድ ጥሎ መመለስ በእነዚያ አባቶች ዘንድ የማይታሰብ ነበር። ከእያንዳንዱ የሌሊት ቅኝት ሲመለሱ ስንት እንደወጡና ስንት እንደገቡ ያውቁ ነበር።

የቫኔሳ ታሪክ ያስተማረኝ ሌላ ነገር አለ። እያንዳንዱ ጀማሪ ወታደር ከቅርብ አለቃው ሌላ ሁለተኛ በር ያስፈልገዋል፤ ደመወዙን፣ ዕድገቱንና ፈቃዱን የማይወስን፣ ግን ጦሩን የሚያውቅ ታላቅ። በሌላ ክፍል ያለ ሃምሳ አለቃ ሊሆን ይችላል፤ የጦሩ ቄስ ወይም ኢማም ሊሆን ይችላል፤ የጦሩ የሃይማኖት አገልጋይ የተነገረውን ምስጢር ለማንም እንዳያወጣ ደንቡ ይጠብቀዋል። በ2018 ራሱን ባጠፋ ወጣት ባሕረኛ ስም የተሰየመውና በ2021 የወጣው ሕግ ደግሞ ወታደሩ የአእምሮ ጤና ምርመራ እፈልጋለሁ ብሎ ከጠየቀ፣ አለቃው ለምን ብሎ ሳያፋጥጠው ወደ ሐኪም እንዲመራው ያስገድዳል። ሌሊትም ሆነ ቀን 988 ደውሎ 1 ቁጥርን የሚጫን ወታደር ለእርሱ የተዘጋጀ የቀውስ መስመር ያገኛል። ይህን ቁጥር በልጆቻችሁ ስልክ ላይ አስገቡት።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ልጆቻችንን በታላቅ ፊት ዓይናቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ አሳድገናቸዋል። አክብሮት ነው። አሜሪካዊው አለቃ ግን ሲያናግረው ዓይኑን የሚሰብር ወጣት አንድ ነገር የደበቀ ይመስለዋል። ልጃችን ሁዳዴን ወይም ረመዳንን እየጾመ የማለዳውን ሩጫ ይሮጣል፤ ሲደክም «ሰነፈ» ይባላል፣ ለምን እንደደከመ አይናገርም። ቢናገር ግን ለጿሚ ምግብና ሰዓት ማመቻቸት የሚቻልበት መንገድ አለ። ሕመም ሲሰማው «ምንም አይደለም» ይላል። ይህን ሁሉ አለቃው እንዲያውቅ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ልጁም እንዲናገር ማስተማር የእኛ ፈንታ ነው።

የዜግነት ነገርም አለ። ጦሩ በ2009 የቋንቋ ችሎታ ያላቸውን የውጭ ዜጎች መቀበል ሲጀምር በዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ ነበረበት፤ መርሐ ግብሩ አዲስ ሰው መቀበል ያቆመው በ2016 ነው። ዛሬም ግሪን ካርድ ይዞ የሚገባ ወጣት ያለ ክፍያ ለዜግነት ማመልከት ይችላል። ብዙዎች የማያውቁት ግን በአገልግሎቱ ዜግነት ያገኘ ሰው አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል በክብር ባልሆነ ስንብት ቢወጣ ዜግነቱ ሊነጠቅ እንደሚችል ነው። ለሌላው ወታደር አንድ የጅል ሌሊት ማዕረግ ያስቀንሳል፤ ለእኛ ልጅ ከዚያ የከፋ ነገር ሊያስከትል ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ታላቅ ከሌለው ማን ይነግረዋል?

ስለዚህ በስልክ «ደህና ነህ?» ከማለት ይልቅ ሌላ ጠይቁ። አለቃህ ማን ይባላል? የት አገር ሰው ነው? መጨረሻ ቁጭ ብላችሁ ያወራችሁት መቼ ነው? ከእርሱ ሌላ ችግርህን የምትነግረው ማን አለ? በዚህ ሳምንት ምን አስተማሩህ? ልጁ ለእነዚህ መልስ ካጣ፣ ሁለተኛውን በር መፈለግ ያለበት ዛሬ ነው።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ በአሜሪካ ጦር ያገለገላችሁ አላችሁ። በባሕር ኃይል፣ በአየር ኃይል፣ በማሪን የነበራችሁም። ከእናንተ የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም፤ በወር አንድ ሰዓት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በዚህ ዓመት ፈርመው ለሥልጠና ቀን የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ አንድ ውሰዱ። የደመወዝ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ አሳዩት፣ ከጦር ሰፈሩ በር ላይ መኪና እንዳይገዛ ንገሩት፣ ማዕረግ ሳይፈራ በአማርኛ የሚደውልበት ቁጥር ስጡት። ፈቃደኛ የሆናችሁ ንግግሩ እንዳለቀ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ስማችሁንና ያገለገላችሁበትን የጦር ክፍል ጻፉ፤ ልጅ የላካችሁ ወላጆችም እዚያው ቆዩ።